የሽኮኮ አበልጆች

በ2083 ዓ.ም. መስከረም ሃያ ሁለት ቀን፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ያፌት ደምስ የሚባል የሃምሳ አራት ዓመት የደን ጠባቂ ጥርሱን እየፋቀ ሳለ የሥራ መደቡ ተለወጠ። ማስታወቂያው የመጣው በመታጠቢያ ቤቱ መስታወት ላይ ነው። ከዛሬ ጀምሮ «የዝግባ አምባ ደን የቁጥር ማመጣጠን ባለሙያ» መሆኑን ገልጾ፣ እንኳን ደስ ያለህ አለና፣ የኋላ ጥርሶቹን በደንብ እንዲፍቅ መከረው። ያፌት አፉን ተጉመጠመጠና ደብዳቤውን ደግሞ አነበበው። ማመጣጠን ማለት መግደል ማለት እንደሆነ የገባው በሦስተኛው ንባብ ነው።

የተመረጠበት ምክንያት ቀላል ነበር። በጽሕፈት ቤቱ ካሉት አርባ አንድ የደን ጠባቂዎች መካከል ደን ውስጥ ገብቶ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። የቀሩት ደኑን የሚጠብቁት ከተማ ተቀምጠው በስክሪን ነበር። አንደኛው ባለፈው ዓመት ለሥልጠና ጉብኝት መጥቶ የጥድ ግንድ ቢደገፍ እጁ ሙጫ ነካውና የአሥር ቀን የሕመም ፈቃድ ወስዷል። ያፌት ግን ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ በደኑ ጠርዝ ባለች የመንግሥት ቤት ኖሯል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ነው። በየማለዳው ተነሥቶ ደኑን ይዞራል፣ ያየውን ይመዘግባል፣ መዝገቡን ይልካል። መዝገቡን ማን እንደሚያነበው ጠይቆ አያውቅም።

እንዲቀነስ የተፈለገው ግራጫው ሽኮኮ ነው። ከሠላሳ ዓመት በፊት በአካባቢው የመዝናኛ መንደር የከፈተ አንድ ሰው፣ እንግዶች እንዲዝናኑባቸው ብሎ ሃያ አራት ሽኮኮ ከባሕር ማዶ አስመጣ። እንግዳ ጠፋና መንደሩ ተዘጋ። ሽኮኮዎቹ ግን አልተዘጉም፤ ደኑ ውስጥ ገብተው ተዋለዱ። አገሬው «የፈረንጅ ሽኮኮ» ይላቸዋል። የዝግባውን ልጥ ዙሪያውን ልጠው ዛፉን በቁሙ ያደርቁታል። የወፍ እንቁላል ይበላሉ። ከሁሉም የተጎዳው ግንደ ቆርቁሩ ነበር። ይህ የደኑ የራሱ ወፍ፣ ግንድ ፈልፍሎ በሚሠራው ጉድጓድ ውስጥ ነው የሚጥለው፤ ሽኮኮው የጉድጓዱን አፍ በጥርሱ አስፍቶ ይገባና እንቁላሉን በልቶ እዚያው ይተኛል። ያፌት ሥራ ሲጀምር የግንደ ቆርቁር ጎጆ መቁጠር ሰልችቶት ያውቃል። በዚያ መስከረም የቀሩት ሦስት ጥንዶች ነበሩ።

ሽኮኮው ይቀነስ ወይስ አይቀነስ የሚለው ጥያቄ ሰባት ዓመት ፈጅቷል። ባለድርሻ አካላት የተሳተፉባቸው አሥራ ዘጠኝ የውይይት መድረኮች ተካሂደዋል፤ በእያንዳንዱ መድረክ ላይ አቅጣጫ ተቀምጧል። የተቀመጠው አቅጣጫ እንደተቀመጠ ይቆይና በሚቀጥለው መድረክ ሌላ አቅጣጫ ይቀመጥበታል። በመካከሉ ስድስት የግንደ ቆርቁር ጥንዶች ለደኅንነታቸው ተብሎ ከተማ ወደሚገኝ የእንክብካቤ ማዕከል ተወሰዱ። ማዕከሉ በሁለት ወር ውስጥ ሁሉም «በክብር ማረፋቸውን» አስታወቀ።

በዚሁ ሰባት ዓመት ውስጥ አበልጅነት መጣ። በደኑ ላይ የሚበርሩት ትንንሽ ካሜራዎች እያንዳንዱን ሽኮኮ ለይተው ቁጥር ሰጥተውት ነበር። የከተማ ሰው በስልኩ አንዱን መርጦ ስም ያወጣለታል፣ አበልጁ ይሆናል፣ ቁርሱን ሲበላና ሲተኛ ያየዋል፣ ልደቱን ያከብርለታል። አዲስ አበባ በሠላሳኛ ፎቅ የሚኖር ሰው፣ የጎረቤቱን ስም ሳያውቅ፣ ሽኮኮው ዛሬ ለምን እንደከፋው ያውቅ ነበር። ለግንደ ቆርቁሩም የአበልጅ ገጽ ተከፍቶ ነበር፤ ነገር ግን ወፉ ካሜራ ሲጠጋው ከግንዱ ኋላ ይዞራል። ፊቱን የማያሳይ ፍጥረት ማንም አይፈልግም። ገጹ በስምንተኛው ወር ተዘጋ።

በመጨረሻ ሕዝቡ ድምፅ ሰጠ። ከመቶ ሰማንያ አንዱ ሽኮኮው ይቀነስ አለ። የአገሩ ወፍ ማለቁ ሁሉንም አሳዝኗል። ያፌትም የሽቦ ሳጥኖቹን፣ የቁጥር ማንበቢያውንና በደረቱ ላይ የሚንጠለጠለውን ካሜራ ተረክቦ ወደ ደን ገባ።

በመጀመሪያው ቀን አሥራ አንድ ሽኮኮ ያዘ። አንደኛውን አስነብቦ ቁጥሩ እንደታየ መሣሪያው ለአበልጁ ደወለ፤ መመሪያው እንዲህ ነበር፤ አበልጅ ሳይፈቅድ እንስሳ አይነካም። ብሌን የምትባል የከተማ ወጣት ሴት ፊቷ በመሣሪያው ላይ ብቅ አለ። ሽኮኮው ማሙሽ እንደሚባል፣ ዓይን አፋር እንደሆነ፣ በተለይ ድንገተኛ ድምፅ እንደማይወድ ነገረችው። ያፌት ድምፅ ሰጥታ እንደነበር በትሕትና ጠየቃት። ይቀነስ ብላ እንደመረጠች፣ ወንድሞቿንም እንዳስመረጠች ነገረችው።

«እንግዲያው ልቀንሰው?» አላት።

«ጋሼ፣ እሱን አይደለም እኮ ያልነው።»

«የትኛውን ነው?»

«ሌሎቹን ነዋ» አለች ብሌን።

ማሙሽን ለቀቀው። ከዚያ ሁለተኛውን አስነበበ። የሁለተኛው አበልጅ አንድ ጡረታ የወጡ ዳኛ ነበሩ፤ እሳቸውም በመርሕ ደረጃ ቅነሳውን እንደሚደግፉ፣ ይህኛው ግን ልዩ ሁኔታ መሆኑን አስረዱት። ሦስተኛው አንድ የሕፃናት መዋያ ነበር፤ ልጆቹ በሙሉ ስልኩ ፊት ተሰብስበው አለቀሱ። እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ለአሥራ አንዱም አበልጆች ደወለ፣ አሥራ አንዱንም ሽኮኮ ለቀቀ። ከእያንዳንዱ ሰው አፍ የሰማው ያንኑ ነበር፤ ሌሎቹን።

ያፌት ሌሎቹን ሁለት ወር ፈለጋቸው። ሰባት መቶ ሠላሳ ሽኮኮ ያዘ፣ ሰባት መቶ ሠላሳ አበልጅ አነጋገረ። አንድ ጊዜ አንድ ሰውዬ ይቻላል ሊለው አፉን ከፍቶ ነበር፤ ሚስቱ ከኋላ መጥታ ስልኩን ነጠቀችው።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ዶክተር ኤልዳና ተፈሪ ግን በሥራው ደስተኛ ነበረች። ክፉ ሰው አይደለችም፤ በየሳምንቱ ለሦስት አለቃ ሪፖርት የምታደርግ፣ ምሳዋን ቆማ የምትበላ ሴት ናት። በኅዳር ወር ደውላ የአበልጆች ተሳትፎ መቶ በመቶ መድረሱን፣ ይህም በአህጉሩ አንደኛ እንደሆነ ነገረችው። ያፌት እስካሁን የተቀነሰ ሽኮኮ እንደሌለ አስታወሳት። እሷም መቀነስ ሂደት እንጂ ክስተት አለመሆኑን ገለጸችለት። በዚያው ሳምንት ከሦስቱ የግንደ ቆርቁር ጥንዶች አንዱ ጎጆውን ተቀምቶ ጠፋ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ሌላውም።

የቀረው አንድ ጎጆ ነው። እሱም የነበረው በእትዬ ሶልያና ጓሮ፣ ከመሬት ሁለት ሰው ቁመት ከፍ ብሎ፣ በአሮጌ ዝግባ ላይ ነው። እትዬ ሶልያና ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ባላቸው ከሞተ በኋላ ንብ እያነቡ ብቻቸውን ይኖራሉ። በእሳቸው ትውልድ እንደ ሶልያና ያለ ስም የሌላት ሴት አልነበረችም፤ በመንደሩ ብቻ አምስት እትዬ ሶልያና አሉ። እኚህኛዋ የሚለዩት በምላሳቸው ነው። ያፌት በየማለዳው ጎጆውን ሊያይ ሲሄድ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያገኛቸዋል። እንቁላሎቹ ሦስት እንደሆኑ፣ ወንዱ ቀን እንደሚታቀፍ፣ ሴቲቱ በስንት ሰዓት እንደምትመለስ ሁሉ ያውቁ ነበር።

አንድ ቀን የአበልጅነቱን ነገር አስረዳቸው።

«ክርስትናውን ማን አነሣው?» አሉት ሲጨርስ።

«የማንን?»

«የሽኮኮውን። አበልጅ ለመባል መጀመሪያ ልጁ ክርስትና ይነሣል። ወይስ እሱም ቀረ?»

ያፌት ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ሽኮኮ ዝግባው ላይ ሲወጣ ካዩ በወንጭፍ እንደሚያባርሩት፣ ክንዳቸው ግን እንደ ድሮው እንዳልሆነ ነገሩት። ከዚያ መንግሥት የሰጠው ሥራ ምን እንደሆነ ደግመው ጠየቁት። መቀነስ ነው አላቸው። «ታዲያ መቼ ነው የምትቀንሰው?» ብለው ወደ ንባቸው ሄዱ።

በታኅሣሥ አሥራ አራት ጠዋት፣ በእትዬ ሶልያና አጥር ጥግ ካስቀመጠው ሳጥን ውስጥ ጆሮው የተበጣ፣ ጭራው ከግማሽ የተቆረጠ፣ አንድ ዓይኑ ሞራ የሸፈነው ሽኮኮ አገኘ። መሣሪያው ቁጥሩን አነበበ፤ አልደወለም። በስክሪኑ ላይ «አበልጅ የለውም» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ያፌት መሣሪያው የተበላሸ መስሎት ሦስት ጊዜ ሞከረ።

ከዚያ አንድ ስሕተት ሠራ፤ እንደ ደንቡ ሪፖርት አደረገ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ዶክተር ኤልዳና ደወለች። ድምፅዋ በደስታ ይንቀጠቀጥ ነበር። የመጀመሪያው ቅነሳ በታላቅ ድምቀት መከናወን እንዳለበት፣ ሽኮኮውን እንዳይነካው፣ በደንብ እንዲቀልበው አዘዘችው። ያፌት ስምንት ቀን ሙሉ የሚገድለውን ሽኮኮ በቆሎና ካሮት አበላ። በሦስተኛው ቀን ሽኮኮው የሳጥኑን ሽቦ ይዞ መምጣቱን ይጠብቅ ጀመር። ያፌት ከዶሮ በቀር ነፍስ አጥፍቶ አያውቅም፤ ዶሮም ቢሆን ሚስቱ እያለች እሷ ፊቷን አዙራ ቢላውን ስለምታቀብለው ነው። ከዚያ በኋላ ምግቡን አስቀምጦ ሳያየው ይመለስ ነበር።

በዓሉ ታኅሣሥ ሃያ ሁለት ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ በእትዬ ሶልያና ጓሮ ሆነ፤ ሜዳ ያለው እዚያ ብቻ ነው። ድንኳን ተተከለ። ከፍ ባለ የብረት ዘንግ ላይ «በተቀናጀ ርብርብ የአገራችንን ብዝኃ ሕይወት እንታደጋለን» የሚል ሸራ ተሰቀለ። ሁለት መቶ የሚሆን እንግዳ በፈጣኑ ባቡር መጣ። ሳጥኑ በነጭ ጨርቅ በተሸፈነ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፤ ከጎኑም ሞት ሳይሆን እንቅልፍ ይመስላል የተባለው መርፌ። ያፌት አዲስ ጓንት ተሰጠው። የደረቱ ካሜራ በቀጥታ ያስተላልፍ ነበር።

ንግግሮቹ ሰባት ነበሩ። በአራተኛው ንግግር ላይ ካሜራው የሽኮኮውን ሞራ ያለበት ዓይን አቅርቦ አሳየ። በአምስተኛው፣ ዶክተር ኤልዳና ስልኳን ስታይ ፊቷ ሲለዋወጥ ያፌት አየ። በስድስተኛው፣ ስድስት ሺህ ሰው አበልጅ ለመሆን አመለከተ። ሰባተኛው ተናጋሪ ስለ ቅነሳው አስፈላጊነት የተዘጋጀውን ንግግር አጥፎ ኪሱ ከተተና፣ ስለ ርኅራኄ ያለ ወረቀት ተናገረ። ለሽኮኮው ስም በድምፅ ብልጫ ወጣለት፤ ምሕረቱ ተባለ። እንግዶቹ ተነሥተው አጨበጨቡ። ያፌት ሳጥኑን እንዲከፍት ታዘዘ፤ ከፈተ።

ምሕረቱ ጠረጴዛው ላይ ለጥቂት ጊዜ ቆመ። ከዚያ ወርዶ በእንግዶቹ መካከል ሮጠና ዝግባው ላይ ወጣ። እንግዶቹ ቁመናውን አደነቁ። እሱም በቀጥታ ወደ ግንደ ቆርቁሩ ጉድጓድ ሄዶ አፉን በጥርሱ መፋቅ ጀመረ። እንጨቱ እየተፈረፈረ ወደ ታች ይወርድ ነበር። ወንዱ ወፍ ከውስጥ በምንቃሩ ሲወጋው ሽኮኮው ወደ ኋላ ይልና ይመለሳል። ከእንግዶቹ አንዷ ቤት እየሠራ ነው መሰለኝ አለች፤ ሌሎቹ ስልካቸውን አነሡ።

ያፌት ወደ ዶክተር ኤልዳና ቀርቦ የመጨረሻው ጎጆ መሆኑን በቀስታ ነገራት። እሷም እንደምታውቅ፣ ግን ሽኮኮው አሁን ስድስት ሺህ አበልጅ እንዳለው፣ የስድስት ሺህ ሰው ፈቃድ ለማግኘት ቢያንስ እስከ መጋቢት እንደሚፈጅ መለሰችለት። ጉዳዩ በትኩረት እንደሚታይ አከለች። ያፌት ዘወር ብሎ እትዬ ሶልያናን አየ። ወንጭፋቸውን በእጃቸው ይዘው በሁለት የጸጥታ ሠራተኞች መካከል ቆመዋል። ዓይናቸውን ከዛፉ ላይ አላነሡም።

ያን ጊዜ ያፌት የሸራውን ዘንግ ከመሬት ነቀለ። ሸራው ተንጠልጥሎ ይጎተት ነበር። ዝግባው ሥር ሄዶ ዘንጉን በሁለት እጁ አንሥቶ መታው። ሽኮኮው ወደቀ፤ ግን አልሞተም፤ የኋላ እግሮቹን መሬት ላይ እየጎተተ ወደሚያበላው ሰው፣ ወደ ያፌት መጣ። ያፌት ተንበረከከና በጓንቱ አንገቱን ይዞ ጨረሰው። ትንሽ ነበር፤ ሙቀቱ በጓንቱ ያልፋል። እጁ ለረጅም ጊዜ አልላቀቅ አለው። ይህ ሁሉ በደረቱ ካሜራ አራት መቶ ሺህ ሰው እያየ፣ በጣም በቅርብ፣ ሆነ።

ሸራው ሽኮኮው ላይ ወድቆ ሸፍኖት ነበር፤ ከላይ የሚነበበው «እንታደጋለን» የሚለው ብቻ ነው።

ጉዳዩ በጥር ወር ታየ። ያፌት አምስት ሰዎች በተሰየሙበት የዲሲፕሊን ጉባኤ ፊት ሦስት ቀን ቆመ። ሁለቱ ቀን ያለቀው የአበልጆችን ምስክርነት በማድመጥ ነው፤ ለአሥራ አራት ደቂቃ አበልጅ የነበሩ ሰዎች ምሕረቱ በሕይወታቸው ውስጥ ምን ያህል ቦታ እንደነበረው ተናገሩ። አንዳንዶቹ የምር አለቀሱ፤ ያፌትም የምር አዘነላቸው። ሰባት መቶ ሠላሳ ሽኮኮ በሰላም መልቀቁ እንደ መልካም አስተዋፅኦ ተያዘለት። ሦስት ገጽ ይቅርታ ጽፎ በካሜራ ፊት ካነበበ ሥራው ላይ እንደሚቆይ ተነገረው።

ያፌት ለወፉ ማን ይቅርታ እንደሚጠይቅ ጠየቀ። ሰብሳቢው መዝገብ አገላበጡና ወፉ በአሁኑ ሰዓት የተመዘገበ አበልጅ ስለሌለው ተበዳይ ሆኖ ሊቀርብ እንደማይችል አስረዱ። ጥያቄውን ግን በቃለ ጉባኤ አስፈሩለት።

«እንግዲያው አልጽፍም» አለ ያፌት። «ስለ ሽኮኮው አዝኛለሁ። ጥፋት አጠፋሁ ግን አልልም።»

ተሰናበተ። የመንግሥትንም ቤት እንዲለቅ ሁለት ሳምንት ተሰጠው። ስንብቱ የመጣው እንደ ሹመቱ ሁሉ ጠዋት በመስታወቱ ላይ ነው፤ መስታወቱ ፊቱ የድካም ምልክት እንደሚያሳይ ገልጾ ውኃ እንዲጠጣ መከረው። ያፌት ልብሱንና የሚስቱን ፎቶ ይዞ ወጣ። እትዬ ሶልያና የጓሮ ክፍላቸውን አጽድተው ጠበቁት። ስለ ዘንጉ አንድም ቀን አላነሡም፤ ብቻ በመጀመሪያው ጠዋት ቁርስ ሲያቀርቡለት «ሦስቱም ተፈልፍለዋል» አሉት።

ጫጩቶቹ ግን ሁሉም አላደጉም። የመጀመሪያው ከጎጆ ሳይወጣ ሞተ። ሁለቱ ሲቀሩ አሮጊቷ አንድ ዘዴ አመጡ፤ ንብ የገባበት ቀፎ በዝግባው ታችኛ ቅርንጫፍ ላይ ይሰቀል አሉ። ያፌት መሰላል አቁሞ ሰቀለው። አራት ቦታ ተነድፎ ወረደ። ከዚያ ወዲያ ወደ ዛፉ የተጠጋ ሽኮኮ ዞሮ ይመለሳል፤ ሰውም እንደዚሁ። ወፎቹ መጀመሪያ ተጨነቁ፤ ኋላ ንቦቹን ለመዱ።

በየካቲት አንድ ወጣት ባለሙያ ከከተማ መጣ። ኢዮስያስ ይባላል፤ ጫማው ገና ጭቃ አይቶ አያውቅም። የመጨረሻው ጥንድ ከነጫጩቶቹ ወደ እንክብካቤ ማዕከሉ እንዲዛወር መወሰኑን ነገራቸው። የሽኮኮዎቹ ብዛት አርባ ሺህ፣ የወፎቹ አራት በመሆኑ፣ ጥናት አነስተኛውን ወገን ማንሣት እንደሚቀል አረጋግጧል። ደኑም ከሰኔ ጀምሮ «የሽኮኮ መናኸሪያ» ተብሎ ይሰየማል። ይህን ሲናገር አፍሮ መሬት መሬት ያይ ነበር።

ያፌት ማዕከሉ የወሰዳቸው ስድስት ጥንዶች ምን እንደሆኑ ጠየቀው። ባለሙያው በክብር ማረፋቸውን አመነ።

ከዚያ ቅጽ አወጣ። በመጀመሪያው መስመር ላይ የሰፈረው ጥያቄ፣ መልስ ሰጪው ባለፉት ሠላሳ ቀናት ወፉን አይቷል ወይ የሚል ነው። ያፌት ሃያ ሰባት ዓመት መዝገብ ሲሞላ አንዲት እንቁላል ጨምሮ ወይም ቀንሶ አያውቅም። ይህን ያውቅ የነበረ ሰው ባይኖርም እሱ በልቡ ይኮራበት ነበር።

«አላየሁም» አለ።

«ምንም?»

«ባዶ ነው። ጎጆው ውስጥ ንብ ገብቶበታል። ከፈለግህ ውጣና እይ።»

ኢዮስያስ ቀፎውንና በዙሪያው የሚያንዣብበውን ንብ አየ፤ አልወጣም። ሊጽፍ ሲያጎነብስ ከዝግባው ላይ ደረቅ እንጨት የመምታት ድምፅ መጣ፤ ፈጣን፣ ስድስት ሰባት ጊዜ። ወጣቱ ቀና አለ።

«ያ ድምፅ ምንድን ነው?»

ውሸት ያልለመደ ሰው አንዱን ከተናገረ በኋላ ሁለተኛው ያጥረዋል።

«የጎረቤት አናጢ ነው» አሉ እትዬ ሶልያና።

ኢዮስያስ ዙሪያውን ተመለከተ። ከእሳቸው ቤት ሌላ እስከ ኮረብታው ድረስ ደን እንጂ ጎረቤት አልነበረም። ድምፁ ደገመ። ወጣቱ አሮጊቷን አየ፣ ያፌትን አየ፣ ከዚያም ቅጹ ላይ ጥቂት ጊዜ ጻፈ። ሲጨርስ አነበበላቸው፤ በአካባቢው የወፉ ምልክት አልተገኘም፤ የተሰማው ድምፅ የአናጢ መሆኑን ነዋሪዎች አረጋግጠዋል። ያፌት ፈረመ። እትዬ ሶልያና ከሥሩ ፈረሙ። ኢዮስያስ በሩ ላይ ደርሶ ተመለሰና አናጢው ማለዳ ላይ ባይሠራ ጥሩ እንደሆነ፣ የሚበርሩት ካሜራዎች ድምፅ የሚቀዱት በማለዳ መሆኑን፣ እነሱም ቢሆኑ ፕሮግራሙ ሲዘጋ በሚያዝያ እንደሚነሡ ነግሯቸው ሄደ።

እንዳለውም ሆነ። ግንደ ቆርቁሩ በመጋቢት ወር መጥፋቱ በይፋ ተነገረ። ሰርተፊኬት ወጣለት። ከተማው የምር አዘነ፤ በሕይወት ሳለ አንድ አበልጅ ያላገኘው ወፍ፣ ሲሞት በሦስት ቀን ሁለት ሚሊዮን አገኘ። የሚያድኑት ወፍ ስለሌለ የሽኮኮው ጉዳይ ተዘጋ። ካሜራዎቹ ተነሡ። ሽኮኮዎቻቸውን ማየት ያልቻሉት አበልጆች ለአንድ ሳምንት ተቆጡና፣ በዚያው ሰሞን በአንድ ሐይቅ ላይ ወደተከፈተው የኤሊ አበልጅነት ዞሩ። ብሌን ስለ ማሙሽ ለመጨረሻ ጊዜ የጠየቀችው በሚያዝያ አምስት ቀን ነው።

ከሚያዝያ ስድስት ጀምሮ ያፌት የሽቦ ሳጥኖች ያጠምድ ጀመር። የሚደወልለት ሰው አልነበረም። መንደሩም ሳይነጋገር ገባበት፤ በየአጥሩ ጥግ አንድ አንድ ሳጥን ታየ። ያፌት ሥራውን አልለመደውም። በየጊዜው በፍጥነት ይጨርስና፣ ጉድጓድ ቆፍሮ ይቀብርና፣ ያን ቀን ምሳ አይበላም። አንድ ጊዜ እትዬ ሶልያና ይህን አይተው፣ ከለመደው እንደሚያስወጡት ነገሩት። በሁለተኛው ዓመት በደኑ ሰሜን ጫፍ ሁለተኛ ጎጆ ተፈለፈለ። በሦስተኛው አራት ሆኑ። ማንም አልመዘገባቸውም።

በ2086 ዓ.ም. የወፉ መታሰቢያ ሐውልት አዲስ አበባ ውስጥ ሲመረቅ ለያፌት የጥሪ ካርድ መጣለት። መሄድ አልፈለገም ነበር፤ እትዬ ሶልያና ካልሄደ ነገር ይጠረጠራል አሉት። ሐውልቱ የንስር ያህል ነበር። ንግግሮች ተደረጉ፤ የኅሊና ጸሎት ተደረገ፤ ሕፃናት ጧፍ አበሩ። ያፌት ከኋላ ቆሞ ሳለ ዶክተር ኤልዳና አየችውና ወደ እሱ መጣች። ጠጉሯ ሸብቷል፤ አሁን አለቆቿ አምስት ሆነዋል። ስለ ጤናው ጠየቀችው፤ ስለ ስንብቱ በእጇ እንዳልነበረ ነገረችው። እሱም እንደማይቀየማት ነገራት፤ እውነቱንም ነበር። ለጥቂት ጊዜ ሁለቱም ሐውልቱን አዩ።

«አቶ ያፌት» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «በዚያ ሁሉ ነገር ውስጥ የሚቆጭዎት አለ?»

ያፌት አሰበ። ስድስቱ ጥንዶች ትዝ አሉት፤ በሥርዓት ቆጥሮ፣ በሥርዓት ሪፖርት አድርጎ፣ ወደ ማዕከሉ በገዛ እጁ ያሳፈራቸው።

«አዎ» አላት። «መዘግየቴ።»

ዶክተር ኤልዳና እጁን በሁለት እጇ ያዘችው፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። የዘገየ ይቅርታ የጠየቃት መስሏታል። እሱም አላረማትም።